ሰላምታ መጀመሪያ፣ ማሰሪያ በኋላ

«ደም ነው እኮ የጣልሽው። የጠወለገ ሰላጣ አይደለም።»

«ደም መሆኑን አውቃለሁ» አለች ቲቸር ፎዚያ። «የማን ደም እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ ጥራና እዚሁ ይንገረኝ። ከቆሻሻው መልሼ አወጣልሃለሁ።»

«ቲዩቡ ላይ ስም አለ።»

«ስሙንማ አየሁት። ጽሕፈቱም ያምራል። ውስጡ ያለው የማን ነው ነው የምልህ።»

«በመጀመሪያ አንተ አትበይኝ» አለ የኮሌጁ ዲን፣ እሱ ራሱ አንቺ እያላት። «ይህ ቢሮ ነው።»

«አቦ፣ እናቴንም አንቺ ነው የምላት። አንተን በምን ልለይህ?»

ዲኑ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «እንግዶቹ ፎቶ አንስተው ሄደዋል። ሴቶቹን ውጤት በሚቀጥለው ሳምንት ብለናቸዋል። አሁን ምን ልበላቸው?»

«ተሳስተናል በላቸው።»

እኔ በሩ አጠገብ ባዶውን የናሙና ሳጥን አቅፌ ቆሜያለሁ። ከድሬ ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ እንደተመለስን ከመኪናው በቀጥታ ወደ ቢሮው ነበር የተጠራነው፤ ጫማችን ላይ ገና አቧራው አለ። ሳጥኑን አስቀምጥ ያለኝ ስላልነበረ እንዳቀፍኩት ቀረሁ።

ይህ የሆነው ተማሪ ሳለሁ ነው። ቲቸር ፎዚያ ባለፈው ወር ሞተች። ልቧ ነው አሉ። በሞተችበት ቀን ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበረች፤ እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው፤ የሰማሁትም ከሰው ሳይሆን ከኮሌጁ የቴሌግራም ገጽ ነው። ፎቶዋን ከሚቀልጥ ሻማ ጋር አጣብቀው «እንደ ሻማ ቀልጠው ለትውልድ ያበሩ እናታችን» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል።

ቀልጠው አሉ። አንቱ አሏት። በሕይወት ሳለች ከግቢ ያስወጧት ሰዎች ከተቀበረች በኋላ አንቱ አሏት። ፎዚያ የምትቀልጥ ሴት አልነበረችም። የምታቃጥል ነበረች፤ ያቃጠለቻቸውም እነሱን ነው፤ ያንን ደግሞ ረስተው አይደለም። ከዚያ ደውለው ከእኔ ግጥም ጠየቁ። በምረቃ ቀን የሚነበብ፣ አጠር ያለ፣ «ልብ የሚነካ»። ስልኩን ዘጋሁባቸው። ይኸው ግጥም ያልሆነውን ጻፍኩ።

የደም አወሳሰድ መምህራችን ነበረች። ትምህርቱ ሲጠራ ትንሽ ይመስላል፤ ክንድ ማሰር፣ መርፌ ማስገባት፣ ደሙን ቲዩብ ውስጥ መቀበል። ሌሎቹ መምህራን በሽታ ያስተምራሉ፣ እሷ ክንድ ታስተምራለች እያልን እንቀልድ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ድምጿ ከሰውነቷ ቀድሞ በር የሚገባ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ታስርና የጋዋኗን እጅጌ እስከ ክርኗ ትጠቀልላለች። ያን ጊዜ የግራ ክንዷ ይታያል፤ መታጠፊያው ላይ ቆዳው ጠቁሮ ጠንክሯል። ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያንን ክንድ አይቶ ሲሸሽ አይቻለሁ። እሷ ግድ አልነበራትም። የጠቆረው በእኛ ነው። ማንም ተማሪ የታማሚ ክንድ ከመንካቱ በፊት የእሷን መውጋት ነበረበት። ይህ የኮሌጁ ሕግ አልነበረም፤ የእሷ ነው። «የመጀመሪያው ክንድ የእኔ ነው። እኔ ላይ ተሳሳት፤ እኔ ስድብ አውቃለሁ። እነዚያ አያውቁም» ትላለች። «እነዚያ» የምትላቸው ከሐርላ፣ ከቢዮ አዋሌ፣ ከየገጠሩ መጥተው አግዳሚው ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡትን ነው።

ተራዬ ሲደርስ «ና ገጣሚው» አለችኝ። ስልኬ ላይ ስጽፍ አይታኝ ይሆናል። ማሰሪያውን ከክርኗ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ አሰርኩ። ደም ስሯን በጣቴ ፈለግሁ፤ በዐይኑ የሚፈልግ ተማሪ ካየች ዐይኑን አስጨፍና ታስፈልገዋለች። አገኘሁት። በአልኮል ጠረግሁና ቶሎ እንዲደርቅ እፍ አልኩበት።

«ሾርባ ነው?»

«እንዲደርቅ ብዬ ነው፣ ቲቸር።»

«ያጸዳኸውን በአፍህ አቆሸሽከው። ማሰሪያውን ፍታ፤ እኔ ወደ ጅቡቲ የምጫን ፍየል አይደለሁም። እንደገና ጥረግ። ራሱ ይደርቃል። የት ልትሄድ ቸኮልክ?»

እንደገና ጠረግሁ። ሲደርቅ ዝም ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ያቺ ጥቂት ጊዜ ረዘመችብኝ። እንደገና አሰርኩ። መርፌውን ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ግጥም ትጽፋለህ ይሉኛል» አለች ለክፍሉ በሚሰማ ድምፅ። «እጅህ ግን ገና ፊደል ይቆጥራል።»

ተሳቀብኝ። ወጋሁ፤ ደሙ መጣ። ማሰሪያውን ፈታሁ፣ መርፌውን አወጣሁ፣ ጥጡን ጫንኩ። ከዚያ እጄ ራሱ ተነስቶ የመርፌውን ክዳን ፈለገ። አንጓዬን ያዘችኝ፤ ስትይዝ እንደ ጉጠት ናት። «ክዳኑን ተወው። መርፌ ከወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ቀጥታ መጣያው ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ። ሲከድን ራሱን የወጋ ጓደኛ አለኝ፤ አሁን እዚህ ሥራ ላይ የለም።» ጓደኛዋ ማን እንደሆነ ምን እንደሆነ አልነገረችንም። አልጠየቅንምም።

ደግ ነበረች ብዬ አልዋሽም። ስትናገር ታዋርዳለች። ቂም ትይዛለች። የክፍላችንን አለቃ ሙኒርን በሰው ፊት አስለቅሳዋለች። ቲዩብ የምትንጥ ልጅ ካየች «ቅቤ ስጪኝ» ብላ እጇን ትዘረጋለች፤ ደም አይናጥም፣ ይገላበጣል፣ የተኛ ሕፃን ጎን እንደምታዞሪው ትላለች፤ ልጅቷ ግን እስክትመረቅ ድረስ «ቅቤ» ተብላ ቀረች። ከሰዓት ልምምድ ስንገባ በር ላይ ቆማ አፋችንን ታስከፍተናለች። ጥርሱ አረንጓዴ የሆነ መርፌ አይነካም። «ከቅጠል በኋላ መርፌ የለም።» እሷም ትቅማለች፤ ጁምዓ ከሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር ትቀመጣለች፤ በዚያ ሰዓት ቢደውሉላት «ዛሬ እጅ የለኝም» ብላ ትዘጋለች። ሐኪምም ይደውል፣ ማንም ይደውል።

አንድ ነገር ግን ነበራት። አፏ እየተሳደበ እጇ አይሳደብም። አንድ ቀን ሕፃን ልጅ የያዘች እናት ፊት ከላብራቶሪው ኃላፊ ጋር ስትጨቃጨቅ አየኋት። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ቀጥላ በሶማሊኛ ጨረሰችበት። በዚያው መሐል ጣቶቿ ከዚያች ሚጢጢ ክንድ ላይ ደም ስር ፈልገው አገኙ፤ ልጁ ያለቀሰው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው። «ንዴትህን በአፍህ ጨርሰው» ትለን ነበር። «እጅህ ላይ እንዳይወርድ።»

የማልረሳት ግን በሰላምታዋ ነው።

ድሬ ውስጥ ሰላምታ ምን ያህል እንደሚረዝም ለድሬ ሰው አይነገርም። አንድ ጠዋት በኮሌጁ ክሊኒክ ሙኒር የአንድ ሽማግሌ ክንድ አሰረ። ከሐርላ የመጡ ናቸው፤ ሽርጥ ታጥቀው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ክንዳቸውን ካሰረ በኋላ ቀና ብሎ ሲያያቸው የአያቱ ወዳጅ ሆነው ተገኙ። ተጀመረ። አባትህ ደህና ነው? ደህና ነው። እናትህ? አልሐምዱሊላህ። ያቺ የታመመችው አክስትህ? ተሽሏታል። ፍየሎቹስ? ዝናቡስ እንዴት ነው? የእሱን ሲጨርሱ እሱ የእሳቸውን ጀመረ። የሽማግሌው እጅ በዚህ መሐል መጥቆር ጀምሯል፤ እሳቸው ከአክብሮት የተነሳ ምንም አላሉም።

ፎዚያ ከኋላ መጥታ በአንድ ጣቷ ማሰሪያውን ምዝዝ አድርጋ ፈታችው። «ቀጥሉ» አለች። «ፍየሎቹ ጋ ደርሳችሁ ነበር።»

ሽማግሌው እስኪወጡ ጠበቀችና ሙኒር ላይ ዞረች። ታስሮ የቆየ ክንድ የሚሰጠው ደም የዚያ ሰው ደም አይደለም አለችው። ደሙ ይታመቃል፣ ይበላሻል፤ ማሽኑ ያንን አይቶ የሌለ በሽታ ይጽፋል፤ ሐኪሙ የሌለውን በሽታ ያክማል። «ሰላምታህ የሰው ኩላሊት አሳመመ ማለት ነው። ሰላምታ መጀመሪያ፣ ማሰሪያ በኋላ።»

«እሺ፣ ከእንግዲህ ሰላም አልልም» አለ ሙኒር፣ ተናዶ።

እዚህ ላይ ነው ያስለቀሰችው። «ሰላም ካላልክማ ጭራሽ መርፌ አትያዝ» አለችው። «ስማቸው ማነው?»

«አባባ አህመድ ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ።»

«አህመድ ማን? የማን ልጅ? ከውጭ ስንት አህመድ ተቀምጧል? የአያታቸውን ስም ጠይቀሃል? ያን ሁሉ ስታወራ ፍየል ጠይቀህ ስም አልጠየቅክም?»

ከዚያ ሁላችንንም ወደ ኮሪደሩ አወጣችን። አግዳሚው ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ተራውን ይጠብቃል፤ ሶማሊኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይናገርም። ፊት ለፊቱ ቆማ በአማርኛ «አንተ ኻዲጃ ነህ አይደል?» አለችው። ሰውየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። «ሃ» አለ፤ አዎ ማለቱ ነው። እኛ ሳቅን።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለች። ፊቷ ተለወጠ። «ነጭ የለበሰ ሰው ሲጠይቀው አዎ ማለት እንዳለበት ያስተማረው ማነው? እኛ ነን። ኻዲጃ ነሽ ስትሏት አዎ ትላለች። መሐመድ ነህ ስትሉት አዎ ይላል። የሌላ ሰው ደም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ በሶማሊኛ ሰላም ብላ፣ ልጆቹን ጠይቃ፣ መንገዱን ጠይቃ፣ «ስምህ ማነው?» አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ ሳይጠየቅ የቅድመ አያቱን ጨምሮ ነገራት። ደሙን እዚያው ወሰደች። ስሙን ቲዩቡ ላይ የጻፈችው ደሙ ከገባ በኋላ ነው፤ እዚያው ፊቱ ቆማ፣ ጮክ ብላ እያነበበችለት።

«መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ደም፣ መጨረሻ ስም» አለችን። «ስም ቀድሞ የተጻፈበት ቲዩብ ካየሁ እጥለዋለሁ። ማንም ይጻፈው።»

ይህን የተናገረችው ለእኛ ብቻ አልነበረም። በስብሰባም ተናግራለች፤ ዲኑም ሰምቷል። ሰምቶ ነው ያደረገው።

የቢዮ አዋሌው ዘመቻ የእሱ ሐሳብ ነበር። ለእናቶች የደም ዓይነትና የደም ማነስ ምርመራ፤ ባነር፣ ካሜራ፣ ከውጭ የመጡ እንግዶች። ቲቸር ፎዚያን ለጠዋቱ ክፍል ውስጥ አስቀራት። «አንቺ ሰላምታ ላይ ትዘገያለሽ፤ እንግዶቹ ከምሳ በፊት ይመለሳሉ» ብሎ ነግሯታል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከቀበሌው የተላከውን የሴቶቹን ስም ለሙኒር ሰጠውና መኪናው እየሄደ ቲዩቦቹ ላይ እንዲጽፍ አዘዘው። ሙኒር ጽሕፈቱ ያምራል። ቢዮ አዋሌ ስንደርስ ባዶዎቹ ቲዩቦች ሁሉ ባለስም ነበሩ።

ሴቶቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሙኒር ስም ይጠራል፤ የተጠራችው ተነስታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ይወስዳል። እኔ ሳጥኑን ይዣለሁ። በፍጥነት ሄደ። ካሜራው ወደደው። ዲኑ ለእንግዶቹ በእጁ እያሳየ ያብራራል።

ፎዚያ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሳይሆን በራሷ። መጥታ ወደ ሥራው አልገባችም። ጥጥ ይዘው ከውጭ ምንጣፍ ላይ ወደተቀመጡት ሴቶች ሄዳ፣ ጫማዋን አውልቃ ሰላምታ ጀመረች። መሐላቸው ጥጥ ያልያዘች አንዲት ሴት አለች፤ ዘይነብ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ሳቂታ ሴት።

«ተወሰደልሽ?» አለቻት ፎዚያ።

«ገና ነኝ» አለች ዘይነብ። «ሲጠሩኝ ተራዬን ለዚያች ሰጠኋት።» አገጯን ወደ አንዲት እርጉዝ ልጅ አቀናች። «ሆዷ ገፍቷል፤ እሷን አስቀምጬ እኔ እንዴት እቀድማለሁ?»

ፎዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ከሳጥኔ ውስጥ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ እያነሳች አነበበች። የዘይነብን አገኘችው። ሙሉ ነው። ይዛው ወጣችና ዘይነብን «ክንድሽን አሳዪኝ» አለቻት። ዘይነብ ሁለቱንም ዘረጋች። አንድም ቀዳዳ የለም። ስሟ የተጻፈበት ሙሉ ቲዩብና ያልተወጋ ክንዷ ጎን ለጎን ሲታዩ እዚያው ነበርኩ።

ከዚያ ሌሎቹን ጠየቀች። ሴቶቹ እየሳቁ ነገሯት። አንዷ ሕፃኗ ለሚያለቅስባት ጎረቤቷ ተራዋን ሰጥታለች። አንዷ አክስቷን ቀድማ መቀመጥ ነውር ስለሆነባት አክስቷን አስቀድማለች፤ አክስቷ ደግሞ ለሌላ ሰጥታለች። ማን ለማን እንደሰጠ ራሳቸውም ተምታታባቸው። መጥፎ ነገር የሠራች አንዲት ሴት አልነበረችም። ሁሉም ደግነት ነው። እኛ ያንን ደግነት አናውቀውም ነበር? ድሬ ተወልደን፣ ድሬ አድገን፣ እናቶቻችን ወረፋ ላይ እርጉዝ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ አናውቅም ነበር? እናውቃለን። ማንም ግን ቀና ብሎ «ስምሽ ማነው» ያለ የለም። አንዲት ቃል ናት፤ ለእሷ ጊዜ አጣን።

ፎዚያ አልጮኸችም። ቲዩቦቹን ሁሉ የሕክምና ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አስገብታ አፉን አሰረች። ወደ ሴቶቹ ዞራ ልትነግራቸው ስትል የዲኑ ሰው ቀደማት፤ በድምፅ ማጉያው «ውጤት በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ አመስግኖ አሰናበታቸው። ዲኑ ሾፌሩን ሞተር አስነሳ አለው። ሁላችንም ተጫንን።

ወደ ቢሮው ከመመለሴ በፊት ከዚያ በኋላ የሆነውን ልናገር። በማግስቱ ፎዚያ በሕዝብ ማመላለሻ ቢዮ አዋሌ ወጣች። አብሯት የሄደው፣ ማንም አይገምትም፣ ያስለቀሰችው ሙኒር ነው። ሴቶቹን በየቤታቸው ዞራ «ደማችሁን ጥለነዋል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አልተመረመራችሁም» ብላ ነገረቻቸው። ጥሩ አቀባበል አላደረጉላትም። አንዲት አሮጊት «ደማችንን ለቆሻሻ ነው የቀዳችሁት?» ብለው ሰደቧት፤ ስድብ አውቃለሁ የምትለዋ ፎዚያ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ አልመለሰችም። ያቺን እርጉዝ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያው ይዛት ሄደች። ደሟ እንደገና ተወሰደ፤ በስሟ ተጻፈ።

ልጅቷ በሰላም ወለደች። ደምም አላስፈለጋትም። ዲኑ ይህን ሲሰማ «አያችሁ፣ ምንም አልሆነም» ማለቱን ሙኒር ነገረኝ። ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ የምጠላው ይህን ነው። ምንም አልሆነም። እድል የሠራውን የራሳቸው ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል። ያ የቢዮ አዋሌ ፎቶ ዛሬም በኮሌጁ መግቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዘይነብ ከባነሩ ሥር እየሳቀች ትታያለች። ቀርቦ ለሚያይ ክንዷ ያልተወጋ ነው።

ፎዚያ ከኮሌጁ ከወጣች በኋላ ከቀፊራ ገበያ አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ገባች። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ባለሱቁ እሷን ብሎ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ አየኋት። እጅጌዋ እንደተጠቀለለ ነው።

«አሁንም ቀድመው ይጽፋሉ?» አለችኝ፣ ደህና ነህ ሳትለኝ። ሰላምታ ሳትጀምር የተናገረችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይጽፋሉ።»

በሦስት ቋንቋ ሰደበቻቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደተቀመጠችው ታማሚ ዞራ እናቷን፣ ልጆቿን፣ ጉንፋኗን ጠየቀቻት።

አሁን ወደ ቢሮው።

«ተሳስተናል በላቸው» ካለች በኋላ ዲኑ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወዳጅ፣ «ማሽኑ ተበላሸ እንላለን» አላት። «በጀት ሲኖር ሌላ ዙር እናዘጋጃለን።»

«ማሽኑ ምን አጠፋ?»

«ማንም አይጎዳም፣ ፎዚያ። ሆስፒታል ሲሄዱ ሆስፒታሉ ራሱ ይመረምራቸዋል።»

«ሆስፒታሉ የሚመረምራቸው ከሆነ እኛ ለምን ወጋናቸው? ለፎቶ?»

«አሁን እሱን—»

«ያቺ እርጉዝ ልጅ ቤቷ ገብታ ተመርምሬያለሁ እያለች ነው። ባሏን ተመርምሬያለሁ ትለዋለች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስታልፍ ተመርምሬያለሁ ብላ ታልፋለች። ማሽን ተበላሸ የሚለውን እስክትሰማ ምጧ ይመጣል። ያልወሰድከውን ደም ወስጃለሁ ከምትል ጭራሽ ባትወስድ ይሻል ነበር። መኪናውን ስጠኝ፤ ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቲዩብ ከሰጠኸኝ እንደገና እወስዳለሁ።»

«መኪና የለም። ቲዩብም የለም።» ዲኑ ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተነሳው። «ሄደሽ ኮሌጁን ብታሰድቢ ደግሞ ተመልሰሽ በዚህ በር አትገቢም። ምስክር ይሁነኝ።» በእጁ ወደ እኔ አሳየ።

ፎዚያ ዞራ አየችኝ። «ሳጥኑን አስቀምጠው፣ ገጣሚው። ባዶ ነው። ባዶ ነገር አቅፈህ አትቁም።»

አስቀመጥኩት። እሷ ጋዋኗን አወለቀች፤ አጠፈችውና ወንበሩ ላይ አኖረችው። ከኪሱ ማሰሪያዋን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «የዘይነብን ተራ የወሰደችው ልጅ ስሟ ማነው?»

ዲኑ ወረቀቶቹን አየ። ስልኩን አየ።

«ሌላ ነገር አልፈለግሁም። ስሟን ብቻ።»

ወረቀቶቹን እንደገና ገለበጠ።

«ሂቦ ነው። ሂቦ ሮብሌ ዋይስ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ወንድ ከሆነ በአባቷ ስም ልትጠራው ነው።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ ሰላምታ ብቻ ነው።»

የዲኑ በር ራሱን የሚዘጋ ነው፤ ላዩ ላይ ሞላ አለው። የሚወጣ ሁሉ ይለቀዋል፤ ኮሪደሩ እስኪነቃነቅ ይላተማል። እኔ ብሆን ለቅቄው ብቻ አልሄድም፤ እገፋው ነበር። እሷ ወጥታ ከውጭ በመዳፏ ያዘችው። በክፍተቱ ውስጥ ያ የጠቆረ ክንዷ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ። ሞላው እየጎተተ፣ እሷ እየያዘች፣ በሩ ቀስ ብሎ መጣና ገጠመ።